ፊት፣ ስምና ግድግዳ፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ማንነት ስለሚያሳዩ ፎቶግራፎች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ማንነት፣ ከወገን ጋር ያላቸውን ትስስርና ኅብረተሰቡ ለእነርሱ ያለውን አቀባበል ርእሰ ጉዳይ ያደረጉ ጥቂት የአፍሪካ ፎቶግራፎችን ማንበብ፣ ከዚያም እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲገኝ በምን ዓይነት ሒሳዊ ዓይን ሊታይ እንደሚገባ መጠየቅ ነው። በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ፎቶግራፍ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ከመስመር የወጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ላነሣው የፈለግሁት ችግር ከፎቶግራፍ ይልቅ የንባብ ችግር ነው፤ ንባብ ደግሞ የዚህ የትምህርት ክፍል ዋና ሥራ ነው። ከአገር ውጭ ለተፈጸሙት ጉዳዮች የሰጠሁት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል አሳስባለሁ።

ስለ ቃል አጠቃቀሜም አስቀድሜ ላስረዳ። በተለምዶ የሚነገረው «ግብረ ሰዶም» ከኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ የመጣ በመሆኑ ፍርዱን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፤ በዚህ ቃል ከጀመርን ፎቶግራፉን ገና ሳናየው ፈርደንበታል ማለት ነው። «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለው ረጅምና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚመስል ቢሆንም ቢያንስ ለመመልከት ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛ ቃልም አለ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ የምመለከተው የደቡብ አፍሪካውን ተወላጅ የዛኔሌ ሙሆሊን ሥራ ነው። ሙሆሊ በ1972 ደርባን አጠገብ ባለችው ኡምላዚ ተወለዱ። ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ስለማይጠሩ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሐያስያን የብዙ ቍጥር ተውላጠ ስም ለመጠቀም ይገደዳሉ፤ ሰዋስዉም ይጎረብጣቸዋል። የአማርኛ አንቱታ ግን ጾታ ስለማይለይ እኛ በዚህ ረገድ ምንም አልተቸገርንም። ሙሆሊ በ2006 «ፊቶችና ምዕራፎች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን ተከታታይ ሥራ ጀመሩ። ሴት የሚያፈቅሩ ጥቁር ሴቶችን፣ እንዲሁም ሲወለዱ ሴት ተብለው ወንድ ሆነው የሚኖሩ ሰዎችን አንድ በአንድ በጥቁርና ነጭ ያነሡበት ሲሆን፣ ቍጥሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ከ500 አልፏል። በ2010 በመጽሐፍ መልክ ታተመ።

የሥራው ቅርጽ እጅግ ቀላል ነው። ተነሺዋ ከወገቧ ወይም ከደረቷ በላይ ትታያለች፤ ከበስተጀርባዋ ያለው ነገር ዓይን አይስብም፤ እርሷ ግን በቀጥታ ወደ እኛ ትመለከታለች። ከሥር ስሟ፣ የተነሣችበት ቦታና ዓመቱ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጌጥ የሚባል ነገር የለም። እኔ እንደሚመስለኝ የሥራው ኀይል ያለው በዚህ ላይ ነው፤ አነሣሡ ከሁሉ የበለጠ የሚያስታውሰን ለመታወቂያ የምንነሣውን ጉርድ ፎቶ ነውና። ጉርድ ፎቶ ውበትን አይፈልግም፤ የሚለው «ይህ ሰው አለ፤ ስሙም ይህ ነው» ብቻ ነው። ሙሆሊ የመንግሥትን የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ወስደው መንግሥትም ሰፈርም ሊያያቸው ላልፈቀደ ሰዎች አውለውታል። አንዱን ፎቶግራፍ ነጥሎ «ይህ ግሩም ነው» ማለት ያስቸግራል፤ ሥራው የሚነበበው በብዛቱ ነው። በትርኢት አዳራሽ ግድግዳ ላይ በረድፍ ሲሰቀሉም እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ይተዋል። ክፍተቱ ለሞቱት፣ እንዲሁም ገና ላልተነሡት ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ ተነሺ የነበረችው ባለ ቅኔ ቡሲ ሲጋሳ በ2007 በ25 ዓመቷ ሞታለች።

ይህ ሥራ የቆመበትን መሬት ግን መዘንጋት የለብንም። የደቡብ አፍሪካ የ1996 ሕገ መንግሥት በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል በግልጽ የከለከለ ነው፤ በ2006 ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ተፈቀደ። እርግጥ ሕጉ ሁሉን አላዳነም፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ ክዋቴማ በተባለው ሰፈር በ2008 ተገድላለች። በ2009 የባህል ሚኒስትሯ ሉሉ ሺንግዋና የሙሆሊ ፎቶግራፎች ከቀረቡበት ትርኢት ሥነ ምግባር የጎደለው ነው ብለው ጥለው ወጥተዋል። በ2012 ደግሞ ኬፕ ታውን ከሚገኘው ቤታቸው የብዙ ዓመት ሥራ የያዙ የኮምፒዩተር ዲስኮች ተሰረቁ። እንዲህም ሆኖ ተነሺዋ ስሟን ከፎቶግራፉ ሥር ስታጽፍ የምትጠቅሰው ሕግ አላት። ሌላው አፍሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሙሆሊን መንገድ ካልተከተለ ፈሪ ነው የሚሉ ሐያስያን ይህን ልዩነት የዘነጉ ይመስለኛል።

ሮቲሚ ፋኒ-ካዮዴ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በ1955 ሌጎስ ተወልዶ በ1966 ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በ1989 መጨረሻ በ34 ዓመቱ አረፈ። በ1988 ባሳተመው መጣጥፍ በሦስት መንገድ ባይተዋር መሆኑን ገልጿል፦ በፍቅር ዝንባሌው፣ ከአገሩና ከባህሉ በመነቀሉ፣ ወላጆቹ ተስፋ ያደረጉትን የተከበረ ባለትዳር ባለሙያ ባለመሆኑ። ሦስተኛውን ልብ በሉ። ሐያስያን ብዙ የጻፉት ስለ ሁለቱ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። በፎቶግራፎቹ ውስጥ የጥቁር ወንድ ገላ ከዮሩባ መንፈሳዊ ምልክቶች ጋር ተዋሕዶ ይቀርባል፤ ፊት በጭምብል፣ በጥላ ወይም በእጅ የሚሸፈንበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋኒ-ካዮዴ የጠፋበትን ቤት የሚፈልገው በአያቶቹ አምልኮ በኩል ነው። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን አንዳንዴ ሰውዬው በምልክቱ ሥር ይጠፋብኛል።

ከሁለቱ ይልቅ ወደ እኛ የሚቀርበው በ1990 የተወለደው ጋናዊ ኤሪክ ጊያምፊ ነው። በ2016 አክራ ውስጥ ለሕዝብ ያቀረበው ሥራ ርእስ «ልክ እንደ እኛ» የሚል ነበር። እዚያ እንደ እኛው ሁሉ ሕጉ ይከለክላል። ጊያምፊ ከተነሺዎቹ ጋር ጊዜ አሳልፎ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን፣ ቤታቸውን፣ ወዳጆቻቸውንና ዕረፍታቸውን በጥቁርና ነጭ አነሣ። ምንም የተለየ ነገር አይታይም። ይህን አይቶ «ታዲያ ምኑ ነው ጥበቡ?» የሚል ተመልካች ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የሥራው ክርክር ይኸው ነው፤ የተለየ ነገር ለማየት የመጣውን ዓይን ባዶውን ይመልሰዋል። ድክመቱ ከርእሱ ይጀምራል፤ «ልክ እንደ እኛ» የሚለው ሐረግ «እኛ» ማን እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗልና። መመሳሰል የመከበር ቅድመ ሁኔታ ሲሆን የማይመሳሰለው ሰው ተመልሶ ከደጅ ይቀራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ካሜራ ወደ ደጋው የመጣበትን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1867 እና 1868 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሡ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮችን ይዞ ነበር። ወላጅ አልባ የሆነው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በታዋቂዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው የልጁ ፊት በእርግጥ የእርሱ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን የእርሱ አልነበረም። በሚነሣውና በሚያነሣው መካከል ያለው ይህ የሥልጣን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

እኔ ያደግሁት እንፍራንዝ ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ በቅርቧ የሚገኝ ትንሽ ከተማ። ጎብኚ የሚያነሣው ግንቡን ነው። ለእኔ ግን የአካባቢው ታላቁ የፎቶግራፍ ትርኢት ያለው በየቤቱ የእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ከቅዱሳን ሥዕል፣ በሙስሊሙ ቤት ከካዕባ ሥዕል ዝቅ ብሎ ሙሽሮቹ፣ ጋዋን የለበሰችው ተመራቂ፣ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰው ወንድም፣ ከባሕር ማዶ ፎቶ የሚልከው ልጅ ተደርድረዋል። ቤተሰቡ በጽሑፍ የማይዘው መዝገብ ይህ ነው። እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይኑን በግድግዳው ላይ ያንሸራሽራል፤ «ይሄ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናት ትመልሳለች። ይህ ጥያቄና መልስ ራሱ ትረካ ነው። ሐያሲ ሆኜ ስመለከተው ግን ከተሰቀሉት ይልቅ ያልተሰቀሉት ያሳስቡኛል። ማዕረጉ ሠርግና ምረቃ በሆነበት ግድግዳ ላይ የማያገባ ልጅ ቦታው የት ነው? ፋኒ-ካዮዴ ሦስተኛ ባይተዋርነት ያለው እዚህ እንፍራንዝ ውስጥ ሚስማርና ፍሬም ያለው ነገር ነው።

በየቤቱ አልበም ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። ጎንደር ከተማ ፎቶ ቤት ገብተው፣ በተሣለ መጋረጃ ፊት ለፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወይም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ የተነሡ ሁለት ወጣት ወንዶች ይታያሉ። ከጀርባው በእስክርቢቶ «ለማስታወሻ» ተብሎ የወዳጅነት ቃል ሰፍሯል። (የፎቶግራፍ ጀርባ ጽሑፍ ራሱን የቻለ የአማርኛ ደብዳቤ ዘውግ ነው፤ እስካሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አለመሆኑ ይገርመኛል።) የጀርባው ቃል የናፍቆት፣ አንዳንዴም ከፍቅረኛ ደብዳቤ የማይለይ ነው። ይህን በዛሬ ዓይን የሚያይ ሁለት ዓይነት አንባቢ ገጥሞኛል። አንደኛው «ይኸው ማስረጃው፣ እነዚህ ፍቅረኞች ነበሩ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ይህን በመስማቱ ተቈጥቶ «የእኛ አባቶች ንጹሕ ወዳጅነት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም በፎቶግራፉ ውስጥ የሌለ ነገር ያነባሉ። በደጋው ወንድና ወንድ ተያይዞ መሄድ የተለመደ የወዳጅነት ምልክት ነው፤ ስለዚህ የተያያዘ እጅ ስለ ልብ የሚነግረን ነገር የለም፤ አዎንም አይልም፣ አይደለምንም አይልም።

ለዚህ የሚረዳ ምሳሌ ከሊባኖስ አለ። ሐሺም ኤል ማዳኒ በሳይዳ ከተማ ከ1953 ጀምሮ ሸህራዛድ የሚባል ፎቶ ቤት ነበረው። አርቲስቱ አክራም ዛዕታሪ የማዳኒን ክምችት መርምሮ ለዓለም ሲያቀርብ፣ ከኔጋቲቮቹ መካከል ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ሲሳሳሙ የተነሡባቸው ተገኙ። የውጭ ተመልካች ያየው የተሸሸገ ፍቅር ነበር። ማዳኒ ግን ወጣቶቹ የፊልም መሳሳምን ለመምሰል ፈልገው እንደነበር፣ ወንድና ሴት በካሜራ ፊት መሳም ስለማይችሉ ጓደኛሞች ይተውኑት እንደነበር አስረዳ። የአንሺው ቃል ጕዳዩን አይዘጋውም፤ ሲተውኑ የነበሩት ሁሉ መተወን ብቻ እንደነበር ማን ያውቃል? ግን ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቅርጹን አይቶ ማንነትን መፍረድ አይቻልም።

በዚህ ቦታ ላይ በጎንደር ደጋ ውስጥ የተሠራ አንድ የቈየ ጥናት ማንሣት ተገቢ ነው። ሲሞን መሲንግ በ1957 ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ አማራ ደገኞች ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እኛ «ወንዳገረድ» የምንላቸውን፣ ከሴቶች ጋር የሚውሉና የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶችን ይጠቅሳል። እንደ መሲንግ አገላለጽ የራሳቸው ማኅበር አልነበራቸውም፤ ሰዉ ይታገሣቸው ነበር፤ ሴቶቹ እንደ ወንድም ያዩዋቸው ነበር፤ ባሎችም አይቀኑባቸውም። የሚያፍሩባቸው ዘመዶቻቸው ብቻ ስለነበሩ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሄደው ይኖራሉ። መሲንግ የሚጽፈው ስለ አለባበስና ስለ ውሎ እንጂ ስለ ፍቅር ስላልሆነ ወንዳገረድን ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ቢሆንም «ይህ ነገር ትናንት ከውጭ የመጣ ነው» ለሚለው አባባል መልስ የሚሆን ነገር አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመቀበልንና ያለመቀበልን ድንበር በትክክል ያሳያል። ባዳው ይችላል፤ የማይችለው ዘመድ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው እንላለን፤ ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን የእናት ቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህም በእኛ አገር የዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ የመጨረሻ መለኪያው የትርኢት አዳራሽ አይመስለኝም። አዳራሽ የባዳ ቤት ነው፤ ለንደንም ይሁን አዲስ አበባ።

ከላይ አነሣዋለሁ ያልኩት ሦስተኛ ቃል «ዜጋ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑ ወንዶች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ በተለያየ ጊዜ የተጻፉ ዘገባዎች ገልጸዋል። ሰሙ የአገሩ ሰው፣ ባለ መብት ማለት ነው፤ ወርቁን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ቃል የመረጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ማን ግን ሰምና ወርቅን የሚያውቅ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በእስራት የሚቀጣው ሰው ራሱን የሚጠራበት ስም «ዜጋ» መሆኑ ከብዙ ረጅም ግጥም በላይ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ማኅበርም «ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ» ተብሏል፤ የእናቶቻችንን የድድ ንቅሳት ስም ይዞ።

ነገር ግን ሰምና ወርቅ እዚህ ላይ አደጋም አለው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይህ ነው። ተማሪዎቻችንን የምናስተምራቸው ሰሙን አቅልጠው ወርቁን እንዲያወጡ ነው፤ ወርቁ ካልወጣ ንባቡ አልተፈጸመም እንላለን። ፊቱ በጋቢ የተከለለ ሰው ፎቶግራፍ ሲቀርብልን ይህን ልማድ ይዘን ከገባን የሐያሲው ሥራ «ይህ ማነው?» የሚለውን መመለስ ይሆናል። ይህ ንባብ አይደለም፤ ጥቆማ ነው። ማጋነን አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባለሥልጣናት ከሕዝብ በመጣ ጥቆማ በሆቴሎች ላይ ዘመቻ መጀመራቸውን አስታውቀዋል። በዚያው ወር ቲክቶክ ላይ የግለሰቦች ስምና ፎቶግራፍ እየተለጠፈ ጥቃት እንዲፈጸምባቸው ጥሪ ይተላለፍ እንደነበር ጉራማይሌ አስታውቋል። አንድ ሰው «እኔ አለሁ» ለማለት የተነሣው ፎቶግራፍ በሌላው እጅ «ይኸውና ያዙት» የሚል ሆነ ማለት ነው። ምስሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

በመሆኑም ሌላ የንባብ ስልት ያስፈልገናል፤ እሱን ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለት፣ በሦስት መንገድ ሲተረጕም አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይቆያሉ። ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳት መጻሕፍት የምትገለገልበትን ስልት ለዚህ ጉዳይ መዋስ ድፍረት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የምዋሰው ስልቱን እንጂ ሥልጣኑን አይደለም። ከተሣለው መጋረጃ ፊት የቆሙት ሁለት ወጣቶች አንድም ባልንጀሮች ናቸው፤ አንድም ማኅበር የጠጡ ናቸው፤ አንድም የሚፋቀሩ ናቸው። ሦስተኛውን ፍች ለመሰረዝ የሚያበቃ ማስረጃ በፎቶግራፉ ላይ የለም፤ ብቸኛ ለማድረግ የሚያበቃም የለም። ጋቢ የተከናነበውም ሰው እንዲሁ፤ አንድም አፍሯል፤ አንድም ቤተሰቡን እየጠበቀ ነው፤ አንድም ከአንሺው ጋር ውል ገብቷል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ፊትን መሸፈን ኅፍረትን ይደግማል፣ ሰዉንም ወንጀለኛ ያስመስላል የሚል ነው። ለሙሆሊ ተነሺዎች ይህ እውነት ነው። ለእኛ ግን መጋረጃውን የሚይዘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ጋዜጣ የተከሳሽን ዓይን በጥቁር መስመር ሲሸፍን መጋረጃውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ተነሺው ራሱ ጋቢውን ሲስብ ግን ምስሉን የሚያዘው እርሱ ነው። ይህ ልዩነት በፎቶግራፉ ላይ ይታያል፤ እጁ የት እንዳለ ማየት ብቻ በቂ ነው። ሌላው ተቃውሞ ኅብረተሰቡ ይህን ጉዳይ አይፈልገውም፣ ለምን ይነካል የሚል ነው። አለመፈለጉ አያከራክርም፤ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2007 ባወጣው መጠይቅ ከኢትዮጵያውያን መላሾች 97 በመቶ የሚሆኑት ተቀባይነት የለውም ብለዋል። የትምህርት ክፍል ግን የሚያጠናው ሰው የወደደውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ሴተኛ አዳሪና ስለ ሽፍታ የተጻፉ ልቦለዶችን ባላነበብን ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ጌትነት ታደለ በ2010 እና በ2011 ስለ እነዚሁ ወንዶች ጥናቶች አሳትመዋል፤ ሶሲዮሎጂ ያጠናውን ሥነ ጽሑፍ የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

የቀረው ተግባራዊ ጥያቄ የክምችት ነው። እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች ዛሬም በየስልኩ ውስጥ ይነሣሉ፤ በፍርሃት ይደመሰሳሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ አጥኚ የሚያገኘው የከሳሾቹን መዝገብ ብቻ ከሆነ የሚጽፈውም የእነርሱን ታሪክ ይሆናል። በሌላው ዓለም ባለ አደራ ቤተ መዛግብት ለደብዳቤና ለማስታወሻ ደብተር የሚጠቀሙበት አሠራር አለ፤ ሰነዱ ታሽጎ ይገባል፣ እስከ ተወሰነ ዘመን ድረስ ለማንም አይከፈትም፣ የካታሎግ ካርዱም ይዘቱን አይገልጥም። ከፎቶግራፉ ጀርባ፣ እንደ ድሮው «ለማስታወሻ» ተብሎ፣ ተነሺው የፈለገውን በራሱ እጅ ይጽፍበታል። ከፖስታው ላይ የሚሰፍረው ግን የሰው ስም ሳይሆን የሚከፈትበት ዓመት ነው፤ ዓመቱንም የሚወስነው ተነሺው እንጂ ቤተ መዛግብቱ ወይም ሐያሲው አይሆንም።